የጎረነነ ድምፅ የተበላሸ ድምፅ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ጋዜጣችሁን ከፊት ገጽ እስከ ሐዘን ማስታወቂያው አነባለሁ፤ ደብዳቤ ግን ጽፌላችሁ አላውቅም። ዘንድሮ አንድ ነገር አንጀቴን አቃጠለውና ይኸው ብዕር አነሳሁ።

ነገሩ ስለ ክረምት የድምፅ ሥልጠና ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሰፈራችን የመብራት ምሰሶ ሁሉ ማስታወቂያ ይለብሳል። ቴኳንዶ፣ ኮምፒውተር፣ እንግሊዝኛ፣ ሥዕል፣ ድምፅ። የድምፁን አንብቤ የልጅ ልጄን ያስመዘገብኩት እኔው ነኝ። 14 ዓመቱ ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይዘፍናል፤ ደረጃ ላይ ይዘፍናል፣ ሻወር ቤት ይዘፍናል፣ ሽሮ አማስል ስለው እንኳ ማማሰያውን ማይክ ያደርገዋል። ለሁለት ወር 3,500 ብር ከፈልኩ። ለጡረተኛ ቀላል አይደለም። ስልክ ላይ ተደፍቶ ከሚከርም ብዬ ነው።

የማዕከሉን ስም አልጠቅስም። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፣ እኔም ነገ በበራቸው ማለፌ አይቀርም።

የመክፈቻው ዕለት ወላጆች ተጠራን። ሦስት ሰው ንግግር አደረገ። ሦስቱም የቅዱስ ያሬድንና የትሏን ታሪክ ነገሩን፤ ስለዚህ እኔ አልደግመውም። አንደኛው «ከእነዚህ ልጆች መሐል ቀጣዩ ጥላሁን ገሠሠ ይወጣል» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እውነት ነው፣ ጥላሁንም ሀገር ፍቅር ቴአትር ሲገባ ጎረምሳ ነበር። እኔም አጨበጨብኩ። ጎኔ የተቀመጠው የእኔ ጎረምሳ ግን አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ሥልጠናው ከሰዓት በኋላ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ነው። የአዲስ አበባን የሐምሌ ከሰዓት ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ መውረድ ሲጀምር አጠገብህ ያለውን ሰው አትሰማም። አሰልጣኙ ምን ያድርግ? ስፒከሩን ይጨምራል። ስፒከሩ ሲጨምር ልጆቹ ይጮኻሉ። ልጆቹ ሲጮኹ ማይክ የያዘችው ልጅ «ኤኮ ይጨመርልኝ» ትላለች። አርባ ልጅ፣ አንድ ማይክ። አንድ ቀን ጃንጥላ ላደርስ ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ምን እንደሚዘፈን መለየት አልቻልኩም። አንዲት ልጅ የአንገቷ ሥር ተገትሮ ሳይ ግን የእኔ ጉሮሮ ነው ያመመኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ልጁ ድምፁ ሻክሮ መጣ። መቼም በእኛ ሰፈር ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ነው። አንዷ ዝንጅብል በማር አለችኝ፣ አንዷ ጤና አዳም፣ የታችኛው ቤት ሰውዬ ደግሞ ጥሬ እንቁላል። ጥሬ እንቁላሉን እኔም በልጅነቴ ጠጥቻለሁ፤ የዚያን ጊዜ ዘፋኝ ነኝ የሚል ሁሉ ይጠጣ ነበር። ነገር ግን የምንውጠው በምግብ ቧንቧ ነው የሚወርደው። የድምፅ አውታሩ ያለው ማንቁርት ውስጥ፣ የአየር ቧንቧው አፍ ላይ ነው። እንቁላሉ በጎረቤት በር አለፈ እንጂ ቤት አልገባም። የሚጠቅመው ውኃ ቶሎ ቶሎ መጠጣትና ዝም ማለት ነው። ሦስት ቀን ዝም አሰኘሁት። ቤቱ ሐዘን የተቀመጥን መሰለ።

መሻከሩ ለቀቀው። የድሮ ድምፁ ግን አልተመለሰም። እንዴት ይመለሳል? ልጁ እኮ እየጎረመሰ ነው። ከፋሲካ ወዲህ «አያቴ» ብሎ ሲጠራኝ «አያ»ዋ በወፍራሙ ትጀምርና «ቴ»ዋ ላይ እንደ ጫጩት ትጮኻለች። ራሱም ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ።

ይህ ምን እንደሆነ ብዙ ወላጅ ያውቀዋል፤ አሰልጣኞች ግን ዘንግተውታል መሰለኝ ልጻፈው። ከ12 እስከ 15 ዓመት ገደማ የወንድ ልጅ ማንቁርት ቶሎ ያድጋል። አውታሮቹ ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉ። ክራር የነካካ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ጅማቱ ረዥምና ወፍራም ሲሆን ድምፁ ዝቅ ይላል። የወንድ ልጅ ድምፅ አንድ ኦክታቭ ያህል፣ ማለትም ከላይኛው ዶ እስከ ታችኛው ዶ፣ ይወርዳል። የሴቶቹም ይወርዳል፤ ግን ጥቂት ኖታ ብቻ ስለሆነ ሰው ልብ አይለውም። በመሐል ባሉት ወራት ልጁ ደህና አድርጎ የሚይዘው ኖታ ጥቂት ነው። ከፍ ልበል ሲል ድምፁ ይሰበራል። ከዚያ ቀስ እያለ ይረጋጋል። በሽታም ብልሽትም አይደለም።

ፍልሰታ ገብቶ ነበር። አብራው የምትሠለጥን የጎረቤት ልጅ ጀበና ልትመልስ መጣችና ሳቅ እያፈናት «አሰልጣኙ እኮ ‹አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ› አለው» አለችኝ። ለመዝጊያው ዝግጅት ነው። ልጁ አልነገረኝም ነበር። እንደውም በዚያው ሰሞን ቤት ውስጥ መዝፈን አቁሟል። ማማሰያው ማማሰያ ብቻ ሆኗል።

በማግስቱ ሄድኩ። አሰልጣኙ ሃያ አራት ሃያ አምስት ቢሆነው ነው፤ ጫማው በጭቃ ረጥቧል፣ ከሌላ ሥራ እየሮጠ እንደሚመጣ ያስታውቃል። ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ።

«እናቴ፣ ልጁ ጎበዝ ነው። ግን ድምፁ ተበላሽቷል። በመዝጊያው ዕለት እንግዳ አለ፣ ካሜራ አለ። ላዋርደው?»

«ታዲያ ልጄ፣ ዘፈኑን ዝቅ አታደርግለትም?»

«ፕሌይባኩ እንደዚያ ነው የመጣው።» ፕሌይባክ የሚሉት ልጆቹ የሚዘፍኑበትን የተቀዳ ሙዚቃ ነው።

ክቡር አዘጋጅ፣ ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ይህች አንድ አረፍተ ነገር ናት።

እኔ ደሴ ነው ያደግሁት፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ። በ1972 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ ሆኜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበርኩ። የምንዘፍነው ስለ ምርት ዘመቻ ነው፤ ግጥሙን አሁን ብታስታውሱኝ አፍራለሁ። ካድሬው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያጨበጭበውንና የማያጨበጭበውን ይቆጥር ነበር። እሱን ዘመን መልሱልኝ አልልም። የሚያሠለጥኑን ሰውዬ ግን ክራር ተጫዋች ነበሩ፤ ትንሽ ንግግር፣ ብዙ ትንባሆ። አንድ ቀን ልምምድ ላይ አንዱ ልጅ አምባሰል እያወረደ ድምፁ እንደ በር ሲጥ አለበት። እኛ ሴቶቹ በሳቅ ወደቅን። ሰውዬው ምንም አላሉም። ክራሩን ጉልበታቸው ላይ አስተኙና ከላይ እንጨቱ ላይ የተጠመጠሙትን ስድስቱን ጅማቶች አንድ በአንድ አላሏቸው። በአውራ ጣታቸው ነካ፣ ጆሯቸውን ቀረብ፣ ደግሞ ላላ። ጊዜ ወሰደባቸው። እኛም መሳቅ ሰለቸንና ዝም አልን። ከዚያ «በል፣ አሁን» አሉት። ልጁ ዘፈነ።

ክራር ለዘፋኙ ይቃኛል። ቅኝት የሚለው ቃል ራሱ ከዚያ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፤ አራቱም አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። (ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስም መሆናቸውን የምጠቅሰው ወሎዬ ስለሆንኩ ነው፤ ይቅርታ።) ቅኝቱ በድምፆቹ መካከል ያለውን ርቀት ይነግርሃል እንጂ «ከዚህ ተነስ» አይልህም። መነሻው የአንተ ጉሮሮ ነው። የፕሌይባኩ ነገር ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። አንድ የታወቀ ዘፋኝ በራሱ ጉሮሮ ልክ የቀዳውን ሙዚቃ ከኢንተርኔት አውርደን፣ የ14 ዓመት ልጅ በዚያ ልክ ድረስበት እንለዋለን። ያልደረሰውን ድምፅ የለህም እንለዋለን።

አዳራሹ ጥግ ላይ ጨርቅ የለበሰ ኪቦርድ ነበር። የሚጫወተውን ልጅ ጠራሁትና «ይሄ ነገር ዝቅ አይልም እንዴ?» አልኩት። ሳቀብኝ። ትራንስፖዝ የምትባል ቁልፍ አለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ጊዜ ተጫናት። ስክሪኗ ላይ ከዜሮ በታች አምስት የሚል ቁጥር መጣ። ሌላ ምንም አልተደረገም። የልጅ ልጄን ጠርተን አንድ ጊዜ ዘፈነ። ግድግዳውን እያየ ነው የዘፈነው፤ ግን ዘፈነ። አሰልጣኙ ዝም ብሎ ሰማና «ይሄማ ጥሩ ነው» አለ። ከዚያ ሰዓቱን አየ። «ለሌሎቹ ግን ዝቅ ይልባቸዋል። መልሼ ለማስለማመድ ደግሞ ቀን የለኝም።»

እውነቱን ነው፣ ለሴቶቹ ዝቅ ይላል። አንዱን አንጓ በዝቅታው ለወንዶቹ፣ ሌላውን ለሴቶቹ መስጠት ግን ይቻል ነበር። የወረደ ፕሌይባክም ቢሆን ስልክ ላይ ባለ መተግበሪያ ዝቅ ከፍ ይደረጋል፤ ይህን ያሳየኝ ያው ኪቦርድ ተጫዋች ነው፣ ሻይ እስክጠጣ ድረስ ጨረሰው።

መዝጊያው ነሐሴ መጨረሻ ተደረገ። ነጭ ቲሸርት፣ ሰርተፍኬት፣ ፎቶ። የእኔ ልጅ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆሞ አፉን አንቀሳቀሰ። በኋላ እንደነገረኝ አፋቸውን ብቻ የሚያንቀሳቅሱት አራት ነበሩ፤ አራቱም ወንዶች፣ አራቱም የእሱ እኩዮች። አራት ቤተሰብ ለዝምታ ከፍሏል ማለት ነው።

አሰልጣኙን ልከስ አይደለም የጻፍኩት። የመጀመሪያውን ሳምንት ሶልፌጅ (ዶ ሬ ሚ ማለት) ሲያስተምር፣ አፍ ዘግቶ በማንጎራጎር ድምፅ ሲያሟሙቅ አይቻለሁ፤ ያውቃል። ጀበና ይዛ የመጣችው ያቺ ልጅ ባለፈው ዓመት ሰው ፊት ቀና አትልም ነበር፤ ዘንድሮ ፊት ቆማ መርታለች። የሚጎረምስ ልጅ ድምፅ እንዴት እንደሚያዝ ግን የነገረው ሰው ያለ አይመስለኝም። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያላችሁ መምህራን፣ ሰኔ ላይ ለክረምት አሰልጣኞች ሁለት ቀን ብቻ ብትሰጡ ምን አለ? አዘጋጆችም ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ሥልጠናውን ጠዋት አድርጉት፣ ዝናቡ ከምሳ በፊት ብዙም አይመጣም። ሳምንት አንድ ቀን ስፒከሩ ይጥፋ። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው፣ ያለ ማይክ፣ አንድ ጊዜ ስሙት። የመዝጊያው ዘፈን ከዚያ በኋላ ይመረጥ። ወላጆችም ስትከፍሉ ስለ ሰርተፍኬቱ ሳይሆን ይህን ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም።

ልረሳው ነበር። በዚያው «አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» በተባለበት ሰሞን ቡሄ ደረሰ። ማታ ላይ የሰፈር ልጆች ዱላቸውን ይዘው በራችን ላይ መጡ። ትልቅ ስለሆነ ዘንድሮ አይወጣም ብዬ ነበር። ጨለማው ውስጥ «ሆያ ሆዬ» የሚል ጎርናና ድምፅ ሰማሁና የማን አባት ነው ከልጆች ጋር የሚዞረው ብዬ በሩን ከፈትኩ። እሱ ነው። እሱ በወፍራሙ ያወጣል፣ ትንንሾቹ በቀጭኑ ይቀበላሉ፣ ዱላው መሬት ይመታል። ከየት እንደሚነሳ ማንም አልነገረውም። እኔን ሲያይ ሊያቆም ፈለገ። «ድገሙልኝ» አልኳቸው። ሙልሙሉን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው፣ ዝናቡ እስኪመጣ።

አክባሪያችሁ፣
የአንድ ሠልጣኝ አያት
ከአዲስ አበባ