ውሻችሁን ወደ ባሌ ለምን እንደማንወስድ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ሳምንት “ከአሁን በኋላ ወደ ባሌ በምናደርገው ጉዞ ውሻ አንጭንም” የሚል አጭር መልእክት ልከንላችሁ ነበር። ብዙዎቻችሁን አስቆጥቷል። ለተጉላላችሁ፣ በተለይ ለበዓሉ ጉዞ ቀድማችሁ ለተመዘገባችሁ፣ ይቅርታ። መቅረት የምትፈልጉ ገንዘባችሁን ሙሉውን እንመልሳለን። ውሳኔው ግን አይቀየርም። ምክንያቱን በስልክ ለእያንዳንዱ ሰው ሳስረዳ ድምፄ ስለዘጋ እዚህ ልጻፈው።

“ውሻ ጠሎች” ያላችሁንን አንብቤዋለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከፍቶኛል። ይህን ሥራ ስንጀምር የነበረን አንድ ያገለገለ አባዱላ ነው። ሹፌሩ እኔ፣ ስንቅ የምታዘጋጀው ባለቤቴ። ያኔ ውሻ ይዤ ልምጣ የሚል ሰው የሚያስተናግደው አልነበረም። ማረፊያው እምቢ ይላል፣ ሹፌሩ “እኔ ውሻ አልጭንም” ብሎ ቁልፉን ያስቀምጣል፣ አብሮ የሚሄደው መንገደኛ ፊቱን ያጠቁራል። እኛ ግን እሺ አልን። ላንጋኖ ዳር ውሻ የሚቀበል ማረፊያ ለማግኘት በየበሩ የለመንኩት እኔ ነኝ። በዚህ የተነሳ አንድ ጎበዝ ሹፌር ጥሎኝ ሄዷል። እናቴ ራሷ “ሰው ጠፍቶ ነው ውሻ የምታመላልሰው?” ብላ ስቃብኛለች። ዛሬ ተነስታችሁ ውሻ ጠሎች ስትሉን እንግዲህ ምን ይባላል።

ወደ ባሌው ልመለስ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ውሻ ይዞ መግባት ድሮም አይፈቀድም። እኛ ስናደርግ የነበረው ውሻው ዲንሾ ወይም ጎባ ማረፊያ እንዲቆይ፣ ካልሆነም ከጎባ ወደ ደሎ መና በሚያልፈው የመኪና መንገድ ስንሄድ ከመኪና ሳይወርድ እንዲያልፍ ነው። ያ መንገድ ፓርኩ ውስጥ ያለውን የሰነቲ አምባ አቋርጦ ነው የሚሄደው። ችግሩ ሰው ሰነቲ ደርሶ ከመኪና ሳይወርድ አይቀርም። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጅብራው ቆሞ ይታያል፣ የቱሉ ዲምቱ ተራራ ፊት ለፊት ነው፣ ማን ፎቶ ሳይነሳ ያልፋል? በሩ ተከፈተና አንዱ ውሻ ፍልፈል አይቶ ተፈተለከ። ትንሽ ራቅ ብሎ ቀይ ቀበሮ እያደነ ነበር። ውሻው ምንም ሳይነካ ተመልሷል፣ ጥፋትም የለበትም፣ ውሻ ነው። አብሮን የነበረው የፓርኩ ስካውት (ጠባቂ) ግን አልጮኸም፣ አልተሳደበም። በእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ ጊዜ የሞቱ ቀበሮዎችን በእጁ እንደሰበሰበ ብቻ ነገረን። ከዚያ በኋላ እስከ ጎባ ድረስ መኪናው ውስጥ ያወራ ሰው የለም።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። በሕይወት ያሉት ከ500 አይበልጡም ነው የሚባለው፣ ከግማሽ በላዩ ደግሞ ያለው ባሌ ነው። ይህን እንስሳ አዳኝ አይደለም እየጨረሰው ያለው፣ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዚያ በ2003፣ በ2008፣ በ2014 (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር) የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ገብቶ ፈጅቷቸዋል። በ2003ቱ እዚያው ባሌ ወብ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት ከአራቱ ሦስት እጅ ያህሉ ነው ያለቀው። ዲስቴምፐር የሚባለውም ሌላ የውሻ በሽታ እንዲሁ ተመላልሶ መጥቷል። ቀበሮዎቹ ቀን ቀን ለየብቻ ፍልፈልና አይጥ ያድናሉ እንጂ የሚኖሩት ግን በቤተሰብ ነው። እርስ በርስ ይላላሳሉ፣ ግልገል በጋራ ያሳድጋሉ። አንዱ ከታመመ ቤተሰቡ በሙሉ ይታመማል።

“የእኔ ውሻ ተከትቧል” ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። አምናችኋለሁ። ግን ካርድ ስጠይቅ ስንቱ ነው ያሳየኝ? ያሳዩኝም አንዳንዶቹ ክትባቱን ያስወጉት የጉዞው ዋዜማ ነው። ክትባት አቅም እስኪያገኝ ሳምንታት ይፈልጋል። በሽታው ደግሞ ውሻው ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሳይታይ ይቆያል። ደህና የሚመስል ውሻ ደህና ነው ብዬ መፈረም አልችልም።

ሌላው ክርክር የእረኞቹ ነገር ነው። “እዚያ ያሉት ገበሬዎች ስንት ውሻ አላቸው፣ የእኛ ምን ይጨምራል?” ትላላችሁ። እውነት ነው፣ አላቸው። ጅብና ነብር ባለበት አገር ከብት ያለ ውሻ አይጠበቅም። ግን ለእነዚያ ውሾች በየመንደሩ እየዞሩ የሚከትቡ ሰዎች አሉ፣ ዓመታት የፈጀ ሥራ ነው። ለቀበሮዎቹም ከ2018 (አሁንም በፈረንጅ) ጀምሮ ክትባት ሥጋ ውስጥ እየተደበቀ ይሰጣቸዋል። ሰው በዚያ ብርድ ሌሊት በፈረስ እየዞረ ሥጋ ሲበትን እኔ ከአዲስ አበባ የማላውቀውን በሽታ በመኪናዬ ጭኜ ልምጣ? እረኛው አማራጭ የለውም። እኛ አለን።

ደግሞ እኔ የምበላው ከዚያ ተራራ ነው። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ባሌ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ እኔና ባለቤቴ ቤታችን ቡና አፍልተን ጎረቤት ጠርተናል። እንግዳ ወስጄ ቀይ ቀበሮ ካላየ፣ የደጋ አጋዘንና የሀረና ጫካ ብቻውን እስከ መቼ ያመጣልኛል?

“ለገንዘብ ብላችሁ ነው” የሚለው ግን በጣም ያስቀኛል። ውሻ ይዛችሁ የምትመጡት እኮ ከሁሉም ደንበኛ በሰዓቱ የምትከፍሉ፣ ዓመት ዓመት የምትመለሱ፣ ለሹፌሩም ጉርሻ የማትረሱ ናችሁ። ይህ ውሳኔ የሚጎዳው እኔን ነው። ገና አሁኑኑ የቀሩ አሉ። “ቡቺ ካልሄደች እኛም አንሄድም” ብላ የጻፈችልኝ ደንበኛችን ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት፣ ልጆቿ አድገው ያየሁ ሰው ነኝ። መልእክቷን አንብቤ መልስ ሳልሰጥ አደርኩ። እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ ደውዪልኝ።

ገንዘብ ካነሳን የላንጋኖና የወንጪ የውሻ ክፍያ ለምን ጨመረ የሚለውን ልመልስ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ መለዋወጫ የምንገዛበት ዋጋ ሌላ ሆኗል። ጎማ፣ ፍሬን ሸራ፣ ባትሪ፣ ሁሉም ከውጭ ነው የሚመጣው። ናፍጣ ሲጠፋ ሹፌሩ ሰልፍ ላይ ያድራል፣ የሚያድርበትን እከፍለዋለሁ። ለውሻ የኋላውን ወንበር ስንለቅ አንድ መንገደኛ ቀረብን ማለት ነው። ከጉዞው በኋላ ወንበሩ ወጥቶ ይታጠባል፣ ካልሆነ ቀጣዩ እንግዳ አይገባም። ይህን ሁሉ ደምሬ ነው ዋጋውን ያወጣሁት፣ ግማሹን እኔው ውጬዋለሁ።

ላንጋኖ፣ ወንጪና ቢሾፍቱ ውሻችሁን እንደ ቀድሞው ይዛችሁ ኑ። ጉዞው ከመድረሱ ቢያንስ አንድ ወር በፊት የተሰጠ የክትባት ካርድ አሳዩን፣ ፎቶ ሳይሆን ዋናውን። ማሰሪያ ይኑር። ላንጋኖ መዥገር አለና መድኃኒት ቀድማችሁ አድርጉላቸው። አብያታ ሻላ ፓርክ ስንገባ ውሻ ማረፊያ ይቀራል፣ አንድ የእኛ ሰው አብሮ ይቆያል። መኪና ውስጥ ዘግቶ መተው ግን የለም። የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ በመኪና መስታወት ሲገባ ውሻ ይገድላል፣ በዚህ አልደራደርም።

ባሌ መሄድ ፈልጋችሁ ውሻውን የሚይዝላችሁ ካጣችሁ ደግሞ እኛ ግቢ አምጡት። ግቢው ሰፊ ነው፣ ልጆቼ ውሻ ይወዳሉ፣ ለመኝታ አናስከፍልም። ምግቡን ብቻ የለመደውን ይዛችሁ ኑ። ከሁለት በላይ ባንድ ጊዜ አንቀበልም፣ ጎረቤት ይቆጣል።

ለበዓሉ የተመዘገባችሁ እስከ ረቡዕ ማታ ሦስቱን ንገሩን፦ ያለ ውሻ ትሄዳላችሁ፣ ወደ ላንጋኖ ትቀይራላችሁ፣ ወይስ ገንዘባችሁ ይመለስ። በተለመደው ስልክ ደውሉ። የማነሳው እኔው ነኝ፣ መቆጣት ያልበቃችሁም ካላችሁ አዳምጣለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የድርጅቱ ባለቤት፣ ሰው ሲጠፋም ሹፌሩ