እንግዳ፣ ባዕድ፣ ባይተዋር

ለውዷ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ቤተሰብሽስ? ይህን ያህል ዘመን ዝም ማለቴ ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ይቅር በይኝ። ረስቼሽ አይደለም። በመጨረሻው ደብዳቤሽ የጠየቅሽኝ ነገር በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልነበረ፣ ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ነጎደ። ጥያቄሽ ይህ ነበር፦ «ልብ ወለዴ ውስጥ ወደ መንደሩ የሚመጣው ሰውዬ ባዕድ እንዲሆንልኝ ፈልጌ፣ ሆድ የባሰው ሰው ብቻ ሆነብኝ። ምን አጥፍቼ ነው?»

ረቂቅሽን ደግሜ አነበብኩት። የመጀመሪያዎቹን 20 ገጾች ይዤ «ብቸኝነት»፣ «ባዶነት»፣ «ናፍቆት»፣ «ባይተዋር» የሚሉትን ቃላት በእርሳስ አሰመርኩባቸው፤ 17 ጊዜ መጥተዋል። ሕመሙ እዚያ ላይ ነው። ማዘንና መናፈቅ በሰውየው ልብ ውስጥ ያሉ ነገሮች ናቸው፤ ባዕድነት ግን የሚኖረው በሰውየውና በመንደርተኛው መካከል ነው። ማንም በሌለበት ጫካ የሚኖር ሰው ብቸኛ ይባል ይሆናል እንጂ ባዕድ አይባልም። ባዕድ የሚያደርጉት ባለቤቶቹ ናቸው። አንቺ ስለ ሰውየው ልብ ብዙ ጽፈሽ፣ ስለ ባለቤቶቹ ግን ምንም አልጻፍሽም ማለት ይቻላል።

ቃላቱንም ለይተሽ ያዢ። እንግዳ ስንል የምናስተናግደውንም የማናውቀውንም ሰው ማለታችን ነው፤ የጥንቱ ግሪክኛ «ክሴኖስ»ም እንዲሁ ሁለቱን ትርጉም አብሮ ይዟል። ጸጉረ ልውጥ ሲባል ግን ጥርጣሬ ገብቷል፤ ቀርቦ ሳይጠየቅ ከሩቅ ተለይቷል። መጻተኛ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ነው፤ በሰው አገር የተቀመጠ፣ ርስት የሌለው። ባይተዋር ለመሆን ደግሞ ከቤት መውጣትም አያስፈልግም፤ በገዛ ዘመዶቹ መሀል ባይተዋር የሆነ ስንት ሰው አለ። በጥንቱ ግሪካዊ ባለቅኔ በሆሜር «ኦዲሴይ» አሥራ ሦስተኛ መጽሐፍ ላይ ኦዲሴዎስ ከ20 ዓመት በኋላ አገሩ ይደርሳል፤ ሴቷ አምላክ አቴና ጭጋግ ስላለበሰችበት የትውልድ ደሴቱን አያውቃትም፣ የት ነው ያለሁት ብሎ ይጨነቃል። ከዚያ በገዛ ቤቱ ለማኝ መስሎ ይገባል። ሰውዬሽ በየትኛው ምዕራፍ እንግዳ፣ በየትኛው ጸጉረ ልውጥ፣ በየትኛው ባይተዋር እንደሆነ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፊ። ታሪኩ የሚንቀሳቀሰው ከአንዱ ስም ወደ ሌላው ሲሸጋገር ነው፤ አሁን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ባይተዋር ስለሆነ የሚሄድበት የለውም።

ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ጌኦርግ ዚመል በ1908 (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፍልሽ) ስለ ባዕድ የጻፋቸው ጥቂት ገጾች አሉ። ባዕድ ማለት ዛሬ መጥቶ ነገ የሚሄደው መንገደኛ ሳይሆን ዛሬ መጥቶ ነገም የሚቆየው ነው ይላል። ከዚህ አንድ ለሥራሽ የሚሆን ነገር ይወጣል፦ ሰዎች ለቅርብ ዘመድ የማይተነፍሱትን ምስጢር ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ይነግሩታል፤ በነገሩ ውስጥ እጁ የለበትማ። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ባልቴቷ ሳይጠይቃት ምስጢሯን እንድትነግረው አድርጊ። በማግሥቱ በመንገድ ስታገኘው ፊቷን ታዙር። የነገረችው ባዕድ ስለሆነ ነው፤ የምትሸሸውም ሳይሄድ ስለቀረ ነው። ይህን አንድ ትዕይንት በደንብ ብትሠሪው ከ17ቱ ቃላት 15ቱን ያስቀርልሻል።

አልፍሬድ ሹትስ ደግሞ ከናዚዎች ሸሽቶ ኒው ዮርክ የገባ ኦስትሪያዊ ፈላስፋ ነው፤ በ1944 ባወጣው ጽሑፍ ባዕዱ የሚቸገርበትን በትክክል አስቀምጦታል። የአገሬው ሰው የለት ኑሮውን የሚኖረው ሳያስብ ነው፤ እንዴት ሰላም እንደሚባል፣ የት እንደሚቆም፣ መቼ ዝም እንደሚባል ማንም አላስተማረውም፣ ያውቀዋል። ባዕዱ ግን እያንዳንዷን ነገር እያሰበ ማድረግ አለበት። እንግዲህ መንደርሽ ሕግ ያስፈልገዋል፤ ያልተጻፈ ሕግ። አራት ይበቃሉ፣ ከዚያ ካለፈ አንባቢ አይዝላቸውም። አንዱን ሕግ ሰውየው በመጀመሪያው ምዕራፍ ሳያውቅ ይጣስ፤ ማንም ግን አይንገረው። ወሬው ብቻ ይቁም፣ አንድ ሰው ወንበሩን ያሽሽ። ሁለተኛውን ሲጥስ የሚያርመው ልጅ ይሁን፣ ልጅ አይደብቅምና። ሦስተኛውን ጠንቅቆ አውቆት ያክብረው፣ ሆኖም ማክበሩ ራሱ እንደ ማስመሰል ይቆጠርበት። አራተኛውን መጨረሻ ላይ እያወቀ ይጣሰው። በረቂቅሽ ውስጥ የተበላሸው መንደሩ ሕጉን ለሰውየው በንግግር ማስረዳቱ ነው፤ የተነገረው ሰው ተማሪ ይሆናል እንጂ ባዕድ አይሆንም።

ሌላው የጎደለው ሰውየው የሚፈልገው ነገር ነው። ፍራንዝ ካፍካ ከሞተ በኋላ በ1926 የታተመው፣ ስለ ግንቡና ስለ መንደሩ የሚተርከው ልብ ወለድ እንዴት እንደሚጀምር ታስታውሻለሽ፦ ማታ ነው፣ በረዶ ነው፣ ግንቡ አይታይም። ሰውየው ድልድይ ላይ ቆሞ ወደ ባዶው ያያል፣ ከዚያ ማደሪያ ቤት ገብቶ ይተኛል። ወዲያው ተቀስቅሶ ያለ ፈቃድ እዚህ ማደር አይቻልም ይባላል። እሱም መሬት ለመለካት የተጠራሁ ነኝ ይላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ይህን ለማሳወቅ የሚደረግ ደጅ ጥናት ነው። የሰውየው ፍላጎት ትንሽ፣ ግልጽና ሕጋዊ ነው። ካፍካ መጀመሪያ «እኔ» እያለ ነበር የጻፈው፤ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ «እኔ»ን እየሰረዘ በአንዲት ፊደል የሚጠራ ሰው አደረገው። አንቺም አንድ ምዕራፍ ላይ ሞክሪው። «እኔ» የሚል ተራኪ ራሱን ማስረዳት ይወዳል፤ ራሱን አጥርቶ የሚያስረዳ ባይተዋር ደግሞ አይታመንም።

«እኔ»ን ካልተውሽ የፈረንሳይኛውን ደራሲ የአልቤር ካሙን መንገድ ተከተዪ። በ1942 የታተመውና ስሙ ራሱ ባዕድ ማለት የሆነው አጭር ልብ ወለዱ «እኔ» በሚል ሰው ነው የሚተረከው፤ ነገር ግን ተራኪው ሜርሶ ያየውንና ያደረገውን ይናገራል እንጂ ለምን እንዳደረገው አይናገርም። ፈላስፋው ሳርትር በ1943 ሲተቸው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ደሴት ነው ብሎታል። ይህን በአማርኛ ለማምጣት ከፈረንሳይኛው ይልቅ የራሳችንን ሰዋስው ማየት ይሻላል። እኛ ድርጊትን ከድርጊት የምንሰፋው በቦዝ አንቀጽ ነው። «ገብቶ፣ ሰላም ብሎ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ» ስትዪ አራቱ ድርጊቶች አንድ ሰው፣ አንድ ሐሳብ ሆነዋል፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ያመጣዋል። አሁን ስፌቱን ፍቺው፦ «ገባ። ሰላም አለ። ወንበር ሳበ። ተቀመጠ።» ምንም ቃል አልተጨመረም፤ ሰውየው ግን ከራሱ ድርጊት ራቀ። «ስለዚህ»ን፣ «ምክንያቱም»ን፣ «በመሆኑም»ን ሰውየው በሚተርክበት ገጽ ላይ ሰርዢያቸው፤ መንደርተኛው ሲናገር ግን መልሰሽ አስገቢያቸው፣ ቦዝ አንቀጹንም እንደ ልባቸው ያንጎድጉዱት። አንባቢው ልዩነቱን በጆሮው ይሰማዋል። ጥንቃቄው፦ ስፌት የሌለው አማርኛ ቶሎ ይሰለቻል፤ ከአንድ ገጽ ተኩል አታስረዝሚው፣ ከዚያ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ልቀቂለት። ካሙም ሜርሶ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ሰው ሲገድል፣ ፀሐዩ ባሳበደው ሰዓት፣ ዓረፍተ ነገሩን አርዝሞ በምስል ሞልቶታል።

የዚያ መጽሐፍ አሠራር ሌላም ያስተምራል። ሁለት ክፍል ነው፤ የመጀመሪያው 6፣ ሁለተኛው 5 ምዕራፍ አለው። በመጀመሪያው ክፍል ሜርሶ የእናቱን አስከሬን ማየት እንደማይፈልግ ይናገራል፣ ወተት ያለበት ቡና ይጠጣል፣ ሲጋራ ያጨሳል፣ አያለቅስም፣ በማግሥቱ ይዋኛል፣ አስቂኝ ፊልም ያያል። ሲነበብ ምንም አይመስልም። በሁለተኛው ክፍል ግን ያው ቡና፣ ያው ሲጋራ፣ ያው ፊልም በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆነው ይመለሱና ሰውየው ከገደለው ሰው ይልቅ በእናቱ ባለማልቀሱ የሚፈረድበት ይመስላል። ያንቺም ታሪክ እንዲህ ይሠራ። መጀመሪያ ላይ አምስት ስድስት ክብደት የሌላቸው ነገሮች አስቀምጪ፤ መስኮት መዝጋቱን፣ ስም መርሳቱን፣ ሳይጠራ መነሳቱን። ስትጽፊያቸው ምንም አትጠቁሚ፤ ከጠቆምሽ በኋላ ሲመለሱ አያስደነግጡም። መንደሩ ሲሰበሰብ እነዚያኑ ቆጥሮ ሰውየውን ሌላ ሰው አድርጎ ይሣለው።

እዚህ ላይ ግን ልብ በይ። በካሙ መጽሐፍ ውስጥ የተገደለው ሰው ስም የለውም፤ «ዐረቡ» ብቻ ነው። አልጄሪያዊው ካሜል ዳውድ በ2013 ባሳተመው ልብ ወለድ ሟቹን ሙሳ ብሎ ሰየመው፣ ወንድሙንም ተራኪ አደረገው። በገዛ አገሩ ስም የተነፈገውን ሰው ማንም ባዕድ ብሎ ሳይጠራው ነው ባዕድ ያደረጉት። ይህ በጣም ያሳስበኛል፣ ባዕድ ስንጽፍ ለአንዱ ስንራራ ሌላውን እናጠፋለንና። በረቂቅሽ ውስጥ ስም የሌላቸውን ሰዎች ቁጠሪ። ውሃ የምታቀብለው ልጅ ስም የላትም፤ ለምን?

ሌላው ጥፋት አራተኛው ምዕራፍሽ ላይ አለ። ሰውየው ጠቢብ ሆኗል፤ መንደሩ ሁሉ ተሳስቶ እሱ ብቻ ያያል። ይህ የብዙ ጸሐፊ ወጥመድ ነው፣ ባዕዱን ስንወደው ፈራጅ እናደርገዋለን። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ያሳተመውን «አደፍርስ» መልሰሽ አንብቢ። የተማረው ወጣት ገጠር ሄዶ ይከራከራል፤ ነገር ግን የሚከራከራቸው ሰዎች የራሳቸው አፍ፣ የራሳቸው ማስረጃ አላቸው፣ እሱ ባለበት ሁሉ አያሸንፍም። ስሙ ራሱ የረጋ ውሃ መንካትን ያሰማል። ለመንደርሽ ቢያንስ አንድ ትክክል የሆነ ነገር ስጪው፣ ሰውየውን የሚያስከፍለው። ውሃውን እንዳይቀዳ የከለከሉት በክፋት ሳይሆን ምንጩ ስለደከመ ይሁን፤ እሱ ግን ክፋት ብሎ ይረዳው።

መስተዋትም ሊያስፈልግሽ ይችላል። ሱዳናዊው ጣይብ ሳሌህ በ1966 ባሳተመው ልብ ወለድ ተራኪው ከ7 ዓመት በኋላ ከእንግሊዝ አገር ወደ ዓባይ ዳር መንደሩ ይመለሳል። ሊቀበሉት ከመጡት መሀል አንድ የማያውቀው ፊት አለ። የተወለደበት መንደር ውስጥ ባዕድ ማን ነው፣ ተመላሹ ወይስ መጥቶ የተቀመጠው? ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጡ ብቻ ብዙ ማብራሪያ አስቀርቶለታል። ያንቺ ታሪክ ውስጥ ከተማ ደርሳ የተመለሰችው የአስተማሪው ልጅ አለች፤ አሁን ሁለት ገጽ ላይ ብቅ ብላ ትጠፋለች። እሷን ከሰውየው ጋር አንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጫቸው፣ አያውሩ።

ስለ ዕይታ ደግሞ ባጭሩ። ሩሲያዊው የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ ቪክቶር ሽክሎቭስኪ በ1917 የተለመደን ነገር እንግዳ አድርጎ ማሳየት የጥበብ ሥራ ነው ብሎ ሲጽፍ ቶልስቶይ በአንድ ታሪኩ ውስጥ እንዲተርክ ያደረገውን ፈረስ ምሳሌ አድርጓል፤ ፈረሱ «የኔ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም፣ «የኔ ፈረስ» ማለት «የኔ አየር» እንደ ማለት ይሆንበታል። የመንደሩ ሰው በሩን አያይም፣ ገብቶ ያልፋል፤ ሰውዬሽ ግን በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ እንደሌለው ያያል። በምዕራፍ አንድ ወይም ሁለት ነገር ብቻ እንዲህ አሳዪ። አንቺ ዛፉንም ሰማዩንም ውሻውንም እንግዳ አድርገሽ አንባቢውን አድክመሽዋል።

የመጨረሻው ትንሽ ነገር ነው፣ ግን ከሁሉም የምወደው። ቋንቋችን ውስጥ ማንም ሰው ሳይመርጥ ሌላውን መጥራት አይችልም፦ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ»፣ «አንቱ»። የአገሬው ሰው ምርጫው ሳይታወቀው ከአፉ ይወጣል። ባዕዱ ግን አፉን በከፈተ ቁጥር ማን ከማን እንደሚበልጥ፣ ማን ከማን እንደሚቀርብ መገመት አለበት። ቶሎ «አንተ» ካለ ደፋር ነው፤ ሁሉን «እርስዎ» ካለ ራሱን አርቋል፤ ተውላጠ ስሙን ሸሽቶ «ይቻላል ወይ?»፣ «መንገዱ በየት ነው?» እያለ ካለፈ ደግሞ ነቅተውበታል። ረቂቅሽ ውስጥ ሰውየው ከሽማግሌው ጋር በ11 ገጽ አራት ጊዜ ተነጋግሯል፤ ሁለት ጊዜ «አንተ»፣ ሁለት ጊዜ «እርስዎ» ብሎታል፣ አንቺ ሳታስቢው ይመስለኛል። አስበሽ አድርጊው። ሽማግሌው ደግሞ መጀመሪያ «እርስዎ» ብሎ የተቀበለውን ሰው በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ «አንተ» ብሎ እንደሚጠራው ወስኚ፤ ከመቅረብ ይሁን ከመናቅ ሰውየው ራሱ እንዳይለየው ሆኖ ይጻፍ።

ያንን ገጽ ከሌላው ሁሉ በፊት ጽፈሽ ላኪልኝ። እኔም ከእንግዲህ አልዘገይም።

የዘወትር ወዳጅሽ