ቦቴ ከመጠራቱ በፊት ጉድጓዱ ይለካ፦ ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ግልባጭ፦ ለከተማው የውኃና ፍሳሽ፣ የጤና እና የግንባታ ፈቃድ ሥራ ክፍሎች

ጉዳዩ፦ የመኖሪያ ቤት ሴፕቲክ ታንክ በባለሙያ የሚመረመርበት ሥርዓት እንዲዘረጋ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ከንቲባ፣

እኛ በጎንደር በቧንቧ ሥራ፣ በግንባታና በአካባቢ ጤና ሙያ የተሰማራን ሰዎች ነን። በከተማችን አብዛኛው ቤት ፍሳሹን የሚይዘው በገዛ ግቢው ነው። የግቢው ጉድጓድ ግን የሚታወሰው ሽታው ቤት ሲገባ ወይም የሽንት ቤቱ ውኃ አልወርድ ሲል ነው። ያን ጊዜ ቦቴ ይጠራል፤ መጦ ይሄዳል፤ ክዳኑ ይመለሳል፤ ባለቤቱም «ተገላገልን» ይላል። ማስመጠጥ ግን ምርመራ አይደለም። ጉድጓዱ ምን እንደሆነ የሚታወቀው ገና ሳይነካ ባለው የውኃ ከፍታ፣ በሰፈፉ (ላይ በሚንሳፈፈው ቅባትና ቆሻሻ) እና በዝቃጩ (ወለሉ ላይ በሚረጋው ደለል) ውፍረት ነው። ሳይለካ ከተመጠጠ ማስረጃው ከቦቴው ጋር ይሄዳል፤ ብልሽቱ እዚያው ይቀራል።

ከሁሉ በፊት መለየት ያለበት ግቢው ውስጥ ያለው ነገር ምንነት ነው። ብዙ ሰው «ሴፕቲክ» የሚለው ዙሪያው በደረቅ ድንጋይ የተካበ፣ ወለሉ አፈር የሆነ ጉድጓድ ነው። ይህ ፍሳሹን ከነቆሻሻው ለመሬት የሚለቅ ጉድጓድ ነው፤ ሴፕቲክ ታንክ ሊባል አይችልም። ሴፕቲክ ታንክ ወለሉም ግድግዳውም ውኃ የማያሳልፍ፣ ሁለት ክፍል ያለው ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል ከጠቅላላው መጠን ሁለት ሦስተኛውን ይይዛል። የመግቢያው ቧንቧ ከመውጫው ከ5 እስከ 7.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። በመግቢያውም በመውጫውም ላይ ቁልቁል የወረደ ቲ፣ ማለትም የ«T» ቅርጽ ያለው የቧንቧ መገጣጠሚያ፣ ይገጠማል። የመውጫው ቲ እግር የውኃውን ጥልቀት አንድ ሦስተኛ ያህል ይወርዳል፤ ከላይ ካለው ሰፈፍና ከታች ካለው ዝቃጭ መሀል የጠራውን ውኃ ብቻ ወደ ማስረጊያው (ውኃውን ለመሬት ወደሚያጠጣው) ጉድጓድ እንዲያሳልፍ ነው። ይህች የፕላስቲክ ቁራጭ ሳትገጠም ከቀረች ወይም ተሰብራ ከወደቀች ሰፈፉ ተከትሎ ይወጣል፤ የማስረጊያውን ግድግዳ በቅባት ይለስነዋል፤ ከዚያ ወዲያ መሬቱ አይጠጣም። እንዲህ የተደፈነ ማስረጊያ በየወሩ ቦቴ ቢመላለስበትም አይድንም።

አለካኩ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ነጭ ፎጣ፣ ሜትር፣ የእጅ ባትሪና ረጅም የጎማ ጓንት ይበቃል። ፎጣው ከዘንጉ ጫፍ ጀምሮ አንድ ሜትር ያህል ተጠቅልሎ በሽቦ ይታሰራል። ዘንጉ በመጀመሪያው ክፍል በኩል ሰፈፉን በስቶ ወለሉን እስኪነካ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ ሳይፈጥን ይወጣል። ፎጣው ሲወጣ ከታች ጥቁር፣ ደቃቅ ፍርፋሪ የመሰለ ዝቃጭ ተጣብቆበት ይታያል፤ ከዚያ በላይ ያለው ቡናማ እርጥበት ብቻ ነው። ጥቁሩ የሚያልቅበት መስመር የዝቃጩ ከፍታ ነው። ለሰፈፉ ጫፉ ላይ አጭር ጣውላ አግድም የተመታበት ሌላ ዘንግ ይወርዳል፤ ወደ ላይ ሲሳብ ጣውላው የሰፈፉን ሆድ ሲነካ እጅ ላይ ይሰማል፤ እዚያ ላይ ምልክት ይደረጋል። ዝቃጩና ሰፈፉ ተደምረው የውኃውን ጥልቀት አንድ ሦስተኛ ከያዙ የማስመጠጫው ጊዜ ደርሷል።

በቁጥር እንየው። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ የውኃው ጥልቀት 1.5 ሜትር የሆነ ታንክ 3,000 ሊትር ይይዛል፤ አንድ ሦስተኛው 1,000 ሊትር ነው። አንድ ሰው በዓመት በግምት 40 ሊትር ዝቃጭ ያጠራቅማል። ስምንት ሰው ባለበት ቤት በዓመት 320 ሊትር ይሆናል፤ ስለዚህ ይህ ታንክ በሦስት ዓመት ገደማ መመጠጥ አለበት። ተከራይ ተጨምሮ አሥራ ስድስት ሰው ሲሞላበት ጊዜው ወደ አንድ ዓመት ተኩል ይወርዳል። በየስድስት ወሩ «ሞላ» የሚል ቤት ካለ ግን ዝቃጭ አልሞላውም፤ ማስረጊያው አልጠጣ ብሎ ነው፤ ገንዘቡም በከንቱ እየፈሰሰ ነው።

የውኃው ከፍታ ሌላው ምስክር ነው። ሰው በሚኖርበት ቤት፣ በቅርቡ ያልተመጠጠ ታንክ ውኃው ከመውጫው ቧንቧ የታችኛው ከንፈር ጋር እኩል መሆን አለበት። ከዚያ ዝቅ ካለ ታንኩ እያፈሰሰ ነው፤ ከፍ ካለ መውጫው ወይም ማስረጊያው ተዘግቷል። ቦቴው መምጠጥ ሲጀምር የመውጫው ቧንቧ ይታይ፤ ከማስረጊያው በኩል ውኃ ወደ ኋላ እየተንዠቀዠቀ ከተመለሰ ማስረጊያው አፉ ድረስ ሞልቷል ማለት ነው። ይህ የሚታየው በዚያች ሰዓት ብቻ ስለሆነ መርማሪው ቦቴው ሲሠራ እዚያው መቆም አለበት።

ከተመጠጠ በኋላ ውስጡ ከላይ ሆኖ በባትሪ ወይም በዘንግ ላይ በታሰረ የስልክ ካሜራ ይታያል፦ የብሎኬቱ መገጣጠሚያ፣ የረገፈ ልስን፣ የመሀል ግድግዳው፣ የዛፍ ሥር። በተለይ የሶሌታው፣ የታንኩ ጣሪያ የሆነው ኮንክሪት፣ ሆድ ይታይ። ከፍሳሹ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በእርጥብ ኮንክሪት ላይ ወደ አሲድነት ይለወጣል፤ ሲሚንቶውን ይበላል፤ ፌሮውን ያዝገዋል። ከላይ ደህና የሚመስል፣ ልጆች የሚጫወቱበት ሶሌታ ከታች ብረቱ አፍጦ ሊገኝ ይችላል።

ሰው ግን ወደ ውስጥ አይግባ። ይህን በተለየ አጽንዖት እንለምናለን። ጋዙ በጥቂቱ የገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል። «ሽታው ሄዷል» ብሎ የገባ ሰው ይወድቃል፤ እሱን ላውጣ ብሎ የተከተለውም አብሮ ይወድቃል። ባዶ ታንክም አየሩ መርዝ ነው። በግቢያችን ጉድጓድ የሚጸዳው ብዙ ጊዜ በቀን ሠራተኛ ነው፤ ያ ሰው የሚመለስበት ቤት አለው። አስተዳደሩ ሰው ገብቶ ማጽዳትን በግልጽ ይከልክል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ መሬቱ እንምጣ። ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ጉድጓድ ሙሉ ውኃ በአንዴ ይውጣል። ሰኔ ሲገባ ያብጣል፤ ስንጥቁ ይዘጋል፤ ውኃ አልጠጣም ይላል። በሚያዝያ የተሞከረ ዋልካ ስለ ነሐሴ የሚነግረን ነገር የለም። ቤት በበጋ ተሠርቶ፣ ማስረጊያው በበጋ «ይሠራል» ተብሎ፣ በመጀመሪያው ክረምት ፍሳሹ ግቢ ላይ የሚወጣው ለዚህ ነው። ያው አፈር እያበጠና እየሟሸሸ የብሎኬት ግድግዳንም ይሰነጥቃል።

ስለዚህ መሬቱ ውኃ የሚጠጣበት ፍጥነት የሚለካበት የማስረግ ሙከራ ለክፉው ወቅት መሠራት አለበት። ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ማስረጊያው በሚቀመጥበት ጥልቀት ይቆፈራል፤ ግድግዳው ይቧጨራል፤ ሥሩ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ይገባል። ሌሊቱን ሙሉ በውኃ ይራሳል፤ አፈሩ ማበጥ የሚጀምረው ያኔ ነው። በማግሥቱ ከጠጠሩ በላይ 15 ሳንቲ ሜትር ውኃ ይደረግና በየ30 ደቂቃው ስንት እንደወረደ ይጻፋል። አንድ ሳንቲ ሜትር ለመውረድ ከ24 ደቂቃ በላይ ከወሰደበት ያ ቦታ ለማስረጊያ አይሆንም፤ ሌላ መላ ይፈለግ።

በተዳፋቱ ሰፈር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። አፈሩ ስስ ነው፤ ከሥሩ የተሰነጠቀ ጥቁር ድንጋይ አለ። እዚያ ጉድጓዱ አይሞላም፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ውኃው ግን በአፈር ሳይጣራ በድንጋዩ ስንጥቅ ቁልቁል ወርዶ ከታች ባለው ጎረቤት የውኃ ጉድጓድ ወይም ምንጭ ብቅ ሊል ይችላል። በማስረጊያና በመጠጥ ውኃ ጉድጓድ መካከል 30 ሜትር ይራቅ የሚለው ልማድ ለአፈር ነው፤ በተሰነጠቀ ድንጋይ ላይ አይበቃም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ማቅለሚያ በሽንት ቤቱ ለቆ በታችኛው ውኃ ላይ ለብዙ ቀን መጠበቅ ይገባል። ቀሃና አንገረብ ሁለቱም ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ይፈሳል። የፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር በቀሃ ውኃ እንዲሞላ ሆኖ የተሠራ ነው። ከግቢያችን የሚያመልጠው ወዴት እንደሚሄድ ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም።

የወቅቱ ነገር አንድ ጥንቃቄ ይጨምራል። መመርመሪያው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ነው፤ መሬቱ ገና የራሰ፣ የከርሰ ምድር ውኃውም ከፍ ያለ ነው። የማስረጊያው ወለል ከከርሰ ምድር ውኃ ቢያንስ 1.2 ሜትር ከፍ ማለቱ የሚረጋገጠውም ያን ጊዜ ነው። በዚያው ወቅት ግን ታንክን ሙሉ በሙሉ ባዶ ማድረግ ያሰጋል፤ የራሰው አፈር ከውጭ ሲገፋ ባዶው የብሎኬት ግድግዳ ሊደረመስ፣ የተቀበረ የፕላስቲክ ታንከርም ተንሳፍፎ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ በጥቅምት ይለካ፣ ከኅዳር ጀምሮ ይመጠጥ።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌላ ጫና አለ። የሳምንቱ ልብስ፣ ዕቃውና ገላው በአንድ ቀን ይታጠባል። ታንኩ ፍሳሹን ቢያንስ አንድ ቀን ማቆየት ሲገባው በጎርፍ ይገለባበጣል፤ ዝቃጩም ተነስቶ ወደ ማስረጊያው ይሄዳል። የጣሪያ ውኃ የተገናኘበት ታንክም በየዝናቡ እንዲሁ ይሆናል፤ አሸንዳው መነጠል አለበት። የጠላና የአረቄ አተላ፣ የሊጥ እጣቢ፣ ያገለገለ ዘይት፣ ዳይፐር፣ በሊትር የሚደፋ በረኪናም ታንክ ውስጥ አይግባ።

ከዚህ በመነሳት የምንጠይቀው ይህን ነው።

ማንኛውም ቦቴ፣ የግልም የመንግሥትም፣ ሳይለካ አይምጠጥ። ዘንግና ፎጣ ይያዝ፤ የሰው ብዛት፣ የውኃ ከፍታ፣ የዝቃጭና የሰፈፍ ውፍረት፣ የቲው ሁኔታ፣ ወደ ኋላ የተመለሰ ውኃ መኖር አለመኖሩ፣ የተመጠጠው መጠንና የተደፋበት ቦታ በአንድ ገጽ ቅጽ ይሞላ። አንዱ ቅጂ ለባለቤቱ፣ ሌላው በቤቱ ፋይል ይቀመጥ። ቤት ሲሸጥ ስም ከመዛወሩ በፊት ይህ ቅጽ ይጠየቅ።

ለአዲስ ግንባታ ሶሌታው ከመሞላቱና ዙሪያው አፈር ከመመለሱ በፊት ታንኩ በውኃ ይፈተን፤ እስከ መውጫው ይሞላ፣ አንድ ቀን ይደር፣ ሲሚንቶው የጠጣው ይተካ፣ ከዚያ በቀጣዩ 24 ሰዓት የውኃው ወለል መውረድ አለመውረዱ ይታይ። በየክፍሉ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ እስከ መሬት ወለል የወጣ ክዳን ይኑር። በሴራሚክ ተነጥፎበት የጠፋ ታንክ ማንም አይመረምረውም።

ለባለሙያ ችግር የለብንም። የአገሪቱን የጤና መኮንኖችና ሳኒታሪያኖች ማሠልጠን የተጀመረው በ1954 እ.ኤ.አ. በዚሁ በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው፤ ዛሬም ዩኒቨርሲቲው እዚሁ አለ። የቦቴ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ የቧንቧ ሠራተኞችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አለካኩን በጥቂት ቀን ተግባራዊ ሥልጠና ይይዙታል።

በቅጣት ግን አይጀመር። ጉድጓዱ የተበላሸበት ሰው ቅጣት ከፈራ ክዳኑን አይከፍትም። ራሱ ላሳወቀ የማስተካከያ ጊዜ ይሰጠው፤ አቅም ለሌለው ቤተሰብ ክፍያው በክፍል በክፍል ይሁን፤ አከራይ ደግሞ ወጪውን በተከራይ ላይ እንዳይጥል ይታሰብበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት የሰጠው ለሁሉም ነው።

የቅጹን ረቂቅ እናዘጋጃለን፤ አለካኩንም ያለ ክፍያ በተግባር እናሳያለን። ከመጪው ጥቅምት በፊት አንድ ሰፈር ተመርጦ ሥራው እንዲጀመር፣ ለዚህም ከውኃና ፍሳሽ፣ ከጤናና ከግንባታ ፈቃድ ኃላፊዎች ጋር የምንቀመጥበት ቀን እንዲቆረጥልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

በጎንደር ከተማ የቧንቧ፣ የግንባታና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች