ለቀኜ ብቻ እጅ ስነሳ ከረምኩ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በፍልሰታ ሰሞን ስለ ሽሮና ስለ ዘይት ዋጋ የጻፋችሁትን አንብቤዋለሁ። እውነት ነው፣ ኑሮው ከብዷል። እኔ ግን ስለ ሌላ ነገር ልጽፍላችሁ ነው።

ደብረ ማርቆስ የምኖር እህል ነጋዴ ነኝ። ዕድሜዬ 46 ነው። ከተማችን መንቆረር መባሏ ቀርቶ በቤተ ክርስቲያኗ ስም የምትጠራ ናት። እዚህ የተወለደ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ይጠመቃል፣ ማተብ ይታሰርለታል። ክርስትናውን የሚያገኘው ተሰናድቶ ነው። ለዚህ ይመስለኛል ቶሎ የምንዘናጋው። እኔ ዓቢይ ጾምን 55ቱን ቀን፣ ፍልሰታን 15ቱን ቀን፣ ረቡዕና ዓርብን ሳላጓድል እጾማለሁ። በዚህ ልቤ ሞልቶ ነበር።

ለዘመን መለወጫ የንስሐ አባቴ ጠበል ሊረጩ ቤቴ መጡ። ቡና ጠጥተው ሊነሱ ሲሉ፣ «ልጄ፣ ንስሐ የገባኸው መቼ ነበር?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ብቆጥረው አራት ዓመት ሆኖኛል። በየበዓሉ ይመጣሉ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ እናወራለን። ስለ ነፍሴ አንድ ቀን አንስቼላቸው አላውቅም። ቁርባንንማ «ስሸመግል» ብዬ ትቼዋለሁ። ስንቶቻችን ነን እንዲህ የምንል! በፍልሰታ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ይላል። ለመቁረብ የሚሰለፉት በአብዛኛው ሕፃናት ናቸው። እኛ ጎልማሶቹ ነጠላችንን አጣፍተን ከኋላ እንቆማለን።

እኔን ከንስሐ ያራቀኝ የሦስት ኩንታል ጤፍ ጸብ ነው። ጎረቤቴ ከፍያለሁ ይላል፣ እኔ አልተቀበልኩም እላለሁ። የምናስቀድሰው አንድ ደብር ነው። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ፣ ሲል ሰው ሁሉ ለግራ ቀኙ እጅ ይነሳል። ጎረቤቴ በግራዬ በኩል ከቆመ እኔ ለቀኜ ብቻ እጅ ነስቼ ቀና እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ይከነክነኝ ነበር። በኋላ ለመድኩት። ቅዳሴው እዚያ ጋ ሲደርስ አንገቴ ራሱ ይዞራል፣ እኔ አላስበውም። አሁን ሳስታውሰው የሚያስደነግጠኝ ይሄ ነው።

ሁሉንም ለአባ ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። «መጀመሪያ ሂድና ታረቀው» አሉኝ።

ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለስኩ። በሦስተኛው በሩን አንኳኳሁ። ባለቤቱ «ቤት ለእንግዳ» ብላ አስገባችኝ፣ ቡና አፈላች። እሱ ሲገባ ሁለታችንም ብዙ ዝም አልን። ከዚያ የልጄን ፈተና ጠየቀኝ። አራት ዓመት ሙሉ ልጄን ሲከታተላት ኖሯል።

አዘጋጆች ሆይ፣ ስለ ጾም ምግብ ስትጽፉ ስለ ንስሐም ቦታ ስጡ። እንደ እኔ ጾሙን ይዞ የተኛ ብዙ ሰው አለ።

ሒሳቡ ገና በሽማግሌ እጅ ነው። እሑድ ግን ከጎኑ ቆሜ አስቀደስኩ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ