ለማሽኖቹም ካርድ ይውጣላቸው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ሁሉ የመጀመሪያዋን ጥያቄ ያውቃታል። «ካርድ አውጥተዋል?» ትባላለች። ካርዱ ሳይመጣ ሐኪሙ ብዙ አይናገርም። ባለፈው ምን አሞዎት ነበር? ምን ታዘዘልዎት? ተሻለዎት ወይስ ባሰብዎት? ይህን ሁሉ የሚያየው እዚያ ላይ ነው።

እኔ የባዮሜዲካል ቴክኒሻን ነኝ። በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ በኩል ባሉ ጤና ጣቢያዎች እየተዘዋወርኩ የሕክምና መሣሪያ እጠግናለሁ። የእኔ ታካሚዎች ካርድ የላቸውም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት አካባቢ የአንዱ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ሲስተር ደወለችልኝ። «እባክሽ ድረሺልን፣ ማሞቂያው ጠፋብን» አለችኝ። አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን ከላይ ሆኖ የሚያሞቀውን ማሽን ማለቷ ነው። ስደርስ ሕፃኗን እናቷ ደረት ላይ አስተኝተው በብርድ ልብስ ሸፍነዋታል። ደህና ነበረች። ማሽኑን ከፈትኩት። ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለት ለማሽኑ መብራት የሚመጥነው ክፍል፣ ተቃጥሏል፤ በውስጡ ያለው ካፓሲተር የሚባል ዕቃ አብጦ ፈንድቷል። በማግስቱ ቀየርኩት፣ ሠራ። ቅጹ ላይ «ፓወር ሰፕላይ ተቀየረ፣ ተጠግኗል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ያለው የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር፣ ከአየር ኦክስጅን የሚያጣራው ማሽን፣ ድምፁ ጠፋ። ስከፍተው ያው ቃጠሎ ነው።

በዚያ ቀን ካውያውን አስቀምጬ ወደ ካርቶኑ ሄድኩ። ወርክሾፓችን ከጄኔሬተሩ ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ ካርቶን አለ። ውስጡ የአምስት ዓመት የጥገና ቅጾችና ከእኔ በፊት የነበረው ቴክኒሻን የጻፈበት ሰማያዊ ደብተር ነበሩ። ሁለት ቅዳሜ ተቀምጬ ሁሉንም ኤክሴል ላይ ገለበጥኩ። መጀመሪያ በማሽን ዓይነት ደረደርኩት። ምንም የሚታይ ነገር የለም። ቀጥሎ በክፍል ደረደርኩት።

ያኔ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። በማዋለጃ ክፍል ከጥቅምት 2015 እስከ የካቲት 2017 ዓ.ም. ስድስት ጊዜ ፓወር ሰፕላይ ወይም ፊውዝ ተቃጥሏል። ማሽኖቹ አራት ናቸው፤ ማሞቂያው፣ ፈሳሽ የሚስበው ሳክሽን፣ ኮንሰንትሬተሩ፣ ሞኒተሩ። በሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ ተደምሮ የተቃጠለው አንድ ብቻ ነው። ከስድስቱ በሁለቱ ላይ ያለው የእኔ ፊርማ ነው። እያንዳንዱን ለብቻው ስናክም፣ ሁሉም የተሰኩበትን ግድግዳ ማንም አላየም።

ቴስተሬን ይዤ ሶኬቱ ጋ ሄድኩ። ቀን ላይ 224 ቮልት አነበብኩ። ደህና ነው። ግን ቅጾቹ ላይ ያሉት ጥሪዎች አብዛኞቹ የማታ ነበሩ፤ ስለዚህ ቆየሁ። የቀን ክፍሎች ተዘግተው ሰው ከወጣ በኋላ 271 ሆነ። በማግስቱ ኤሌክትሪሺያናችን የመብራት ሳጥኑን ከፈቱ። የኒውትራሉ፣ ማለት የመመለሻው፣ ሽቦ ላልቶ፣ ማሰሪያው በእሳት ጠቁሯል። ሕንፃው የሚያገኘው ሦስት ፌዝ፣ ማለት ሦስት የመብራት መስመር፣ ነው። ኒውትራሉ ሲላላ ሦስቱ መስመሮች ሚዛናቸውን ይስታሉ። ጭነት የበዛበት መስመር ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ጭነት ያነሰበት ደግሞ ይወጣል። ጨርሶ ከተቋረጠ 220 ማግኘት ያለበት ሶኬት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ሰውየው ብሎኑን በጣታቸው እየነካኩ «የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ ነው ማሽን ሲበላ የከረመው» አሉኝ። ማሰሪያውን ቀይሮ ማጥበቁ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል አንድ ፊውዝ አልተቃጠለም።

መረጃው ሁሉ ከመጀመሪያው በእጃችን ነበር። ካርቶን ውስጥ ተኝቶ ነበር።

የምንጽፈው ነገርም ራሱ ችግር አለበት። «ተጠግኗል» የሚለው ቃል ለቀጣዩ ሰው ምንም አይነግረውም። ማሽኑ ከመጥፋቱ በፊት ምን አሳየ? መብራት ሄዶ መጥቶ ነበር? ስንት ቮልት ተለካ? ምን ተሞክሮ አልሠራም? በተለይ ይህቺ የመጨረሻዋ። ያልሠራውን የሚጽፍ ሰው የለም፤ እንደ ሽንፈት ይቆጠራል መሰለኝ። ለእኔ ግን ግማሽ ቀን ታተርፍልኛለች።

ያ ሰማያዊ ደብተር ጥሩ ምሳሌ ነው። ኦቶክሌቩ፣ የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት ግፊት ቀቅሎ ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን፣ በደንብ አይቀቅልም ተብሎ ጎማው ሁለት ጊዜ፣ የውስጥ ማሞቂያው አንድ ጊዜ ተቀይሯል። ከሥሩ በእርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦ «ጌጁ 15 ላይ ቢደርስም ሙቀቱ 121 አይሞላም። ከፍታ ላይ ነን። ከ18 በላይ ይሂድ።» ልክ ነው። ጌጁ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሲያሳይ 121 ዲግሪ የሚገኘው በባሕር ጠለል ነው። እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፤ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ጌጁ ያንን ያህል መጨመር አለበት። ማሽኑ አልታመመም ነበር። ያቺ የእርሳስ ጽሑፍ ባትኖር እኔም ሦስተኛውን ጎማ እቀይር ነበር።

ይህ የእኔ ሰፈር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የዱክ ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ማልኪንና ባልደረባው በ11 አገሮች ካሉ 60 አቅመ ውስን ሆስፒታሎች 2,849 የጥገና ጥያቄዎችን ሰብስበው አጥንተዋል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቷል። ከተበላሹት መሣሪያዎች 66 በመቶው ከውጭ መለዋወጫ ሳይመጣ፣ በመሠረታዊ የመብራት፣ የቧንቧ፣ የሞተርና የመሳሰለው እውቀት ወደ ሥራ ሊመለሱ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ይህን ያወቁት ሰው ቁጭ ብሎ ከሞላቸው ተራ ቅጾች ነው።

መዝገብ ያሳስታልም፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። አንድ ኮንሰንትሬተር «ኦክስጅን አነሰ» እያለ ይጮህ ነበር። ያለፉት ሦስት ጽሑፎች ሁሉ «ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ» ይላሉ። በጋ ነው፣ መንገዱ ጥርጊያ ነው፣ እኔም አመንኩ። ማጣሪያውን አጽድቼ መለስኩት። በማግስቱ ጮኸ። ከአየሩ ናይትሮጅኑን ይዞ ኦክስጅኑን የሚያሳልፈው ዚዮላይት የሚባል ማዕድን እርጥበት ገብቶበት ተበላሽቶ ነበር። መዝገቡ ከየት እንደምጀምር ይነግረኛል፤ መለካቱ የእኔ ሥራ ነው።

ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎች የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ማሽን ቁጥር ይሰጠውና በፕላስቲክ የተሸፈነ ካርድ ጎኑ ላይ በሲባጎ ይንጠልጠል። ኮምፒውተር ላይም ይግባ፤ ግን መብራት በሚሄድበት ሰፈር ወረቀቱ ይቅደም። በዋስትና ጊዜ ለጥገና የሚመጡት የአቅራቢ ድርጅት ሰዎችም ያገኙትን ሳይጽፉበት አይውጡ። ቴክኒሻን ሲዛወር ደግሞ መፍቻና ቴስተር እንደሚያስረክበው ደብተሩንም ፈርሞ ያስረክብ።

ሰማያዊውን ደብተር የጻፍከው ወንድሜ፣ ስምህ ሽፋኑ ላይ የለም። ይህን ካነበብክ አመሰግንሃለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። በሰኔ 2013 ስለ ሳክሽን ማሽኑ «ያው እንደ ድሮው» ብለህ ጽፈሃል። ድሮ ምን ነበር? ከዚያ በፊት ያለው ገጽ ተቀዷል፤ ማሽኑም ሰሞኑን እንደገና መሳብ ደክሞታል። ወርክሾፑን ታውቀዋለህ፣ አልተዛወረም።

የባዮሜዲካል ቴክኒሻን
ከቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ