የጉንፋን መድኃኒቱ ሣጥን ለደም ብዛት ታማሚ ይናገር፦ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣

የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ነኝ። ልጠይቃችሁ ያሰብሁት ነገር አለ፤ ከዚያ በፊት ግን የራሴን ጥፋት ልናገር።

በኅዳር ብርድ አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው እየሳሉ መጡ። «ልጄ፣ ይሄ ሳል እንቅልፍ ነሳኝ፤ ዳማከሴውንም ዝንጅብሉንም ሞከርኩት፣ አልለቀቀኝም» አሉኝ። አፍንጫቸውም ታፍኗል። ከኋላቸው ሰው ተሰልፎ ነበርና አንድ ጠርሙስ የሳል ሽሮፕና አንድ እሽግ የጉንፋን ኪኒን አውጥቼ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወስዱ ነግሬ፣ ገንዘቡን ተቀብዬ ሸኘኋቸው። ኪኒኑ ውስጥ ሱዶኤፌድሪን የተባለ፣ አፍንጫ የሚከፍት ግን ግፊት ሊጨምር የሚችል መድኃኒት ነበረበት። ደም ብዛት እንዳለባቸው አልጠየቅኋቸውም።

በሳምንቱ ልጃቸው ፌስታል ይዛ መጣች። እናቷ ራሳቸውን አሟቸው ጤና ጣቢያ ሲለኩ ግፊታቸው 180 በ110 ሆኖ ተገኝቷል። ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው። የእኔ ሽሮፕና የእኔ ኪኒን፣ ከሌላ ቦታ የተገዙ ሁለት ባዶ የሽሮፕ ጠርሙሶች፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ኤናላፕሪል የተባለው የደም ብዛት ኪኒን ጠርዙ የተጣጠፈ እሽግ። «ይሄን መቼ ጀመሩት?» አልኋት። ከሦስት ወር በፊት። ሳሉስ? አሰብ አድርጋ፣ «እሱም እንደዚያው ነው» አለች። ቀጥላም «ወንድሜ፣ ያኔ ለምን አልጠየቋትም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ኤናላፕሪል፣ እንደ ካፕቶፕሪልና ሊሲኖፕሪል ያሉ ዘመዶቹም ጭምር፣ ከአሥር ተጠቃሚዎች አንዱን ያህል ያስላል። መድኃኒቱ የሚያግደው ኢንዛይም ብራዲካይኒን የተባለውን በሰውነት ውስጥ ያለ ንጥረ ነገርም የሚሰብር ስለሆነ፣ ብራዲካይኒኑ ይጠራቀምና ጉሮሮን ይኮረኩራል። ሳሉ ደረቅ ነው፣ አክታ የለውም፣ ሴቶች ላይ ይበዛል፤ ከተጀመረ ሳምንታት ወይም ወራት ቆይቶም ሊመጣ ይችላል። ይህን ሳል የትኛውም ሽሮፕ አያድነውም። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሲቀይረው ግን አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለቃል። እኒያን እናት ወደ ሐኪማቸው መለስኋቸው፤ አምሎዲፒን የተባለ ሌላ የግፊት ኪኒን ታዘዘላቸው፤ የገና በዓል ከመግባቱ በፊት ሳሉ ተዋቸው። ሦስት ጠርሙስ ሽሮፕ የገዙት ከግፊት ኪኒናቸው ለመጣ ሳል ነበር። የእኔ ኪኒን ደግሞ፣ ግፊታቸውን ይበልጥ የሚገፋ ነገር ጨመረበት።

ሱዶኤፌድሪን የታፈነ አፍንጫን የሚከፍተው የአፍንጫን የደም ሥሮች በማጥበብ ነው። የተዋጠ ኪኒን ግን አፍንጫ ላይ ብቻ አይቆምም፤ በደም ተሸክሞ መላ ሰውነትን ያዳርሳል፣ ልብንም ያፈጥናል። ግፊቱ በሚገባ በተስተካከለ ሰው ላይ ጭማሪው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ መሆኑን መካድ አልፈልግም። ግፊቱ ባልተስተካከለ ሰው ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2024 እ.ኤ.አ. ከባድ ወይም ያልተስተካከለ የደም ግፊት ያለበት ሰው ሱዶኤፌድሪን እንዳይወስድ የወሰነው፣ አልፎ አልፎ የአንጎል የደም ሥሮችን የሚጎዳ አደጋ ስለሚያስከትል ነው። የዚሁ ኪኒን ወንድም የሆነው ፌኒሌፍሪንም አለ። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ በኖቬምበር 2024 እ.ኤ.አ. በአፍ የሚወሰደው ፌኒሌፍሪን የታፈነ አፍንጫ ስለማይከፍት ከገበያ እንዲወጣ ሐሳብ አቅርቧል። እኛ ጋ በስንቱ የጉንፋን ኪኒን ውስጥ ተቀላቅሎ እንደሚሸጥ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ፤ መዝገቡ በእናንተ እጅ ነው።

ለጉንፋን ራስ ምታት ብለን የምንሰጠው አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም እንዲሁ የግፊት መድኃኒቱን ኃይል ያዳክማሉ፤ ከኤናላፕሪልና ከሽንት ማብዣ ኪኒን ጋር ሲገናኙ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ውኃ ውስጥ ተጥሎ አረፋ እያወጣ የሚሟሟው ኪኒን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሶዲየም፣ ማለትም በጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር፣ ይበዛበታል። ፕሮፕራኖሎል የተባለውን የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው የአየር ቧንቧ የሚከፍተውን የሳልቡታሞል ሽሮፕ መስጠትም ሁለቱን መድኃኒቶች ማጣላት ነው።

የሳል መድኃኒት ሁሉ ይከልከል እያልሁ አይደለም። አክታ የሚያቀጥነው ጓይፈኔሲን ግፊት አይጨምርም። ለትኩሳትና ለራስ ምታት በልኩ የሚወሰድ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ለታፈነ አፍንጫ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ ማጠብም አለ። ምርጫ አለን። የቸገረው ምርጫውን በጊዜው የሚናገር ነገር አለመኖሩ ነው።

እኔ ከምሠራበት መደርደሪያ ያየኋቸው የጉንፋን ኪኒን ሣጥኖች ማስጠንቀቂያቸው በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል የታተመ ነው፤ ውስጡ የታጠፈውን ወረቀት ደግሞ ያለ መነጽር የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የምጠይቃችሁ፣ ሱዶኤፌድሪን ወይም ፌኒሌፍሪን ያለበት መድኃኒት ሁሉ ከሣጥኑ ፊት ለፊት፣ በአማርኛና በየክልሉ ቋንቋ፣ በጉልህ ፊደል «ደም ብዛት ካለብዎ ባለሙያ ሳይጠይቁ አይውሰዱ» የሚል ጽሑፍ እንዲለጠፍበት ነው። «ደም ብዛት» ይባል፤ «ከፍተኛ የደም ግፊት» ብንል ወረቀቱ ላይ ያምራል እንጂ እኒያ እናት ራሳቸውን በዚያ ስም አያውቁም። አስመጪዎች ወጪ እንደሚያነሡ አውቃለሁ። ተለጣፊ ወረቀት ነው የምለው፤ ሣጥኑ እንደገና ይታተም አላልሁም።

ሁለተኛው የእኛ የባለሙያዎቹ ነው። በልምድ ያየሁትን ልንገራችሁ። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብዬ ስጠይቅ ብዙ ሰው «የለም» ይለኛል። ዋሽቶ አይደለም። በየጠዋቱ ከቁርስ ጋር የሚውጣት ኪኒን ለእሱ መድኃኒት መሆኗ ቀርቷል፤ እንደ ቡናው ልማድ ሆናለች። «ደም ብዛት አለብዎ?» ብዬ በቀጥታ ስጠይቅ ግን ያው ሰው «አዎ፣ አለብኝ» ይላል። ይህቺ አንዲት ጥያቄ በፋርማሲም፣ በመድኃኒት መደብርም፣ በገጠር መድኃኒት ቤትም ግዴታ ትሁን፤ ስትቆጣጠሩንም የመደርደሪያውን ንጽሕናና የፈቃዱን ቀን እንደምታዩ ሁሉ፣ ይህን መጠየቃችንንም እዩ።

ኤናላፕሪል ሲሰጥም በሽተኛው «ደረቅ ሳል ከጀመረዎ ሽሮፕ አይግዙ፣ ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ፤ መድኃኒቱንም በራስዎ አያቋርጡ» የሚል ቃል በእጁ ይዞ ይውጣ። የመጨረሻዋን ሐረግ አደራ እላለሁ፤ ሳሉ ከኪኒኑ መምጣቱን የሰማ ሰው ኪኒኑን ጥሎ ያለ መድኃኒት ሲቀመጥ አይቻለሁ።

ከእናንተ መመሪያ እስኪመጣ ድረስ እኔ በራሴ መስኮት ላይ በእጄ የጻፍሁትን ወረቀት ለጥፌያለሁ፦ «ሳል ወይም ጉንፋን ይዞዎት ከሆነ፣ ደም ብዛት ካለብዎ ቀድመው ይንገሩን።» እኒያ እናትም ባለፈው መጥተው አነበቡት። «ይሄ የእኔ ነው አይደል?» አሉኝ። አዎ አልኋቸው።

የሚቀጥለው የጥቅምት ብርድ ሳይገባ ምላሻችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

አንድ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ
አዲስ አበባ