ቁልቋሉን ከጠርሙሱ አውጡልኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ልብስ ሰፊ ነኝ። የምሠራው እቤቴ ነው። ጋዜጣችሁን የማነበው የስፌት መኪናዬን አቁሜ ዓይኔን ላሳርፍ ስል ስለሆነ፣ ከዜናው ይልቅ የቤት አምዱን እወዳለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ቴራሪየም፣ ማለትም መስታወት ዕቃ ውስጥ ስለሚተከል ትንሽ አትክልት፣ ያወጣችሁትን ሳይ ግን ዓይኔ አላረፈም። ፎቶው ላይ ያለው የመስታወት ዕቃ የቡሽ ክዳን አለው። ውስጡ ቁልቋል ተተክሏል። ከሥሩ ደግሞ «ምንም እንክብካቤ አይፈልግም» የሚል ተጽፏል።

ይቺን አባባል አውቃታለሁ። ገንዘቤን የበላችው እሷ ናት።

የመጀመሪያውን ቴራሪየም የገዛሁት ልክ የናንተን ፎቶ የመሰለ ነበር። ሆዱ ክብ፣ ክዳኑ ቡሽ። ውስጡ ሁለት ትንንሽ ቁልቋሎች፣ ፈርን የምትባል አበባ የሌላት ቅጠላም ተክል፣ በመስመር በመስመር የተደረደረ ሰማያዊ አሸዋ፣ እና ለምን እንደሆነ እንጃ አንድ የፕላስቲክ እንጉዳይ። ሻጩን «ውሃስ?» ብዬ ጠየቅኩት። «እርሺው እህቴ፣ ራሱን በራሱ ያጠጣል» አለኝ። ደስ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ላይ ላቀረቀረ ሰው ቀና ሲሉ አረንጓዴ ነገር ማየት ምን ያህል ደስ እንደሚል ልብስ ሰፊ ያውቀዋል።

በሦስተኛው ሳምንት አንደኛው ቁልቋል ከታች ቢጫ ሆነ። የጠማው መሰለኝ። አጠጣሁት። ከሁለት ቀን በኋላ በጣቴ ነካ ሳደርገው ውሃ እንደጠጣ ስፖንጅ ስርጉድ አለ። ሁለተኛውም ተከተለ። ፈርኗ ግን እያማረባት ነበር! ያኔ ልብ ብዬ ቢሆን መልሱ እዚያው ፊቴ ተቀምጧል። ዕቃውን ይዤ ሻጩ ዘንድ ተመለስኩ። «ውሃ አብዝተሽበት ነው» አለኝ። ያናደደኝ እውነቱን መሆኑ ነው፤ አብዝቻለሁ። ነገር ግን ጠብታ ባላደርግበትም አይተርፍም ነበር። ይኼን እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አላወቅኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ውሃ መውጫ የለውም። ሥር ይጠጣል፣ ቅጠል ያተናል፣ ተኑ መስታወቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠለጠላል፣ ሲከብደው ወርዶ አፈሩን ያርሳል። ያው ውሃ ነው የሚዞረው። ፈርን ይኼን ይወዳል። ፊቶኒያ የሚባለው፣ ቅጠሉ ላይ ነጭ ወይም ሮዝ ጅማት ያለውም እንዲሁ። እርጥብ ድንጋይ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፈው ሞስ ከሁሉም በላይ ይወደዋል። ቁልቋል ግን ውሃውን በሆዱ ቋጥሮ ደረቅ አየር ላይ የሚኖር ፍጥረት ነው። ሁለተኛ ከመጠጣቱ በፊት ሥሩ መድረቅ አለበት። እዚያ ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ መድረቅ የሚባል ነገር የለም። ቁልቋል የወደደ ክዳን የሌለው፣ አፈ ሰፊ ዕቃ ይግዛ። ፈርንና ቁልቋልን አንድ ላይ ከድኖ የሚሸጥ ሰው፣ ወፍራም ካፖርትና የዋና ልብስ አንድ ላይ አስለብሶ እንደሚልክ ልብስ ሰፊ ነው።

ከተናደድኩ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ናትናኤል ዋርድ የሚባል የለንደን ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1829 የእሳት እራት ስትፈለፈል ለማየት ብሎ ሙሽሬዋን (ትሏ ክንፍ ከማውጣቷ በፊት ተሸፍና የምትቆይበትን) እርጥብ አፈር ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ቀብሮ ከደነው። ከአፈሩ ፈርንና ሳር በቀለለት። ጓሮው ውስጥ የከተማው የከሰል ጭስ ፈርን አላበቅል ብሎት የተቸገረ ሰው ነው እንግዲህ። እነዚያ ተክሎች ውሃ ሳይጨመርላቸው ወደ አራት ዓመት ኖሩ። በመጨረሻ የሞቱት ክዳኑ ዝጎ የዝናብ ውሃ ስለገባባቸው ነው። እዚህ ጋ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ። የሱንም የገደለው ውሃ ነው! በ1833 ደግሞ ተክል የሞሉ ሁለት የመስታወት ሣጥኖች በመርከብ እስከ ሲድኒ ልኮ በሕይወት ደረሱ። በኋላ የሻይ ችግኝ ከቻይና ወደ ህንድ የተጓዘው በዚሁ ሣጥን ነው። የኔ ቁልቋል ግን ከመደርደሪያ እስከ ስፌት ጠረጴዛዬ ተጉዞ አንድ ወር አልሞላውም።

ሁለተኛውን ራሴ ሠራሁት። ሳልለካ ጨርቅ አልቆርጥም፤ ዕቃውንም ሜትሬን ይዤ ሄጄ ነው የገዛሁት። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ አፉ 12። እጄ የማይገባበት ዕቃ አልፈለግኩም። ከታች 3 ሴንቲ ሜትር ያህል የታጠበ ጠጠር፣ በላዩ ስስ የከሰል ስባሪ አደረግሁ። አፈሩ ጠጠሩ ውስጥ እንዳይሰርግ በመሃል ከቬሎ የተረፈኝን ቱል ክብ አድርጌ ቆርጬ አነጠፍኩ። ጠጠሩ የተረፈ ውሃ ይጠራቀምበታል እንጂ አያስወጣም፤ ከታች ቀዳዳ የለማ። ስለዚህ ጠጠሩ መሃል ውሃ ቆሞ ካየሁ አበዛሁ ማለት ነው። ከዚያ አፈር፣ ከዚያ ሁለት ፊቶኒያ፣ አንድ ትንሽ ፈርን፣ ሞስ። ማዳበሪያ የለም። ማዳበሪያ ቶሎ ያሳድጋል፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ ማደጊያ ቦታ የለም።

በሁለተኛው ሳምንት ለጌጥ ያስገባሁት እንጨት ላይ እንደ ጥጥ ነጭ ሻጋታ ወጣ። ደነገጥኩ፣ ልጥለው ነበር። ሻጋታውን በጨርቅ ጠርጌ፣ ክዳኑን ለግማሽ ቀን ከፍቼ ተውኩት። ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ሻጋታ የሚበሉ፣ ነጫጭ፣ ከቁንጫ ያነሱ ስፕሪንግቴል የሚባሉ ነፍሳት ገዝቶ መጨመርም ይቻላል። እኔ ግን ጨርቅ የሞላበት ክፍል ውስጥ ነፍሳት ማስገባት ልቤ አልፈቀደም። ተክሉን አይነኩም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም።

ውሃ? ከተከልኩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጨመርኩት በሦስተኛው ወር ነው፤ ሁለት ማንኪያ። የቧንቧ ውሃ መስታወቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ስለሚተው የዝናብ ውሃ አጠራቅሜ ነው የምጠቀመው። የሚነግረኝ መስታወቱ ነው። ጠዋት አንድ ጎኑ አልቦት ከሰዓት ከጠራ ደህና ነው። ቀኑን ሙሉ ዙሪያውን ካላበው ክዳኑን ለጥቂት ሰዓት እከፍታለሁ። ጨርሶ ካላበው ያኔ ማንኪያዬን አነሳለሁ። መስታወቱን የሚነካ ቅጠል ይበሰብሳልና በክር መቁረጫ መቀሴ ቆርጬ በወረንጦ አወጣዋለሁ። ከመስኮቱ አንድ ሜትር ገባ ብሎ ተቀምጧል። ፀሐይ ፊት ለፊት ካገኘችው የተዘጋ መስታወት እንደ ምድጃ ይግላል፤ ቅጠሉም ይቀቀላል።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። በሚቀጥለው እትም አንድ መስመር እርማት አውጡ፦ ቁልቋል ክዳን አይወድም። ሻጮችም ዕቃው ላይ የተክሎቹን ስም ቢጽፉ ምን ይጎድልባቸዋል? ገዢም ከመክፈሉ በፊት ስም ይጠይቅ። ሻጩ ስሙን ካላወቀ ይለፈው። ሞሱን በጣቱ ነካ አድርጎም ይይ፤ አንዳንዱ ደርቆ ቀለም የተነከረ ነው፣ አያድግም።

የኔን ፎቶ ልልክላችሁ አስቤ ነበር። ዛሬ ጠዋት አልቦት ውስጡ አይታይም። ከሰዓት ሲጠራ አነሳዋለሁ።

አንባቢያችሁ ልብስ ሰፊ